ለበሬ የሚዘራ መሬት

ከባሕር ማዶ በሰሜን አሜሪካ ለዱር አውሬ መሬት አርሰው የሚዘሩ ሰዎች አሉ ብንላችሁ ታምናላችሁ? እኛም በመጀመሪያ ስናነበው ቀልድ መስሎን ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። በዚያ አገር አጋዘን የሚመስል አውሬ አለ። የወንዱ ቀንድ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የተከፋፈለ ነው፤ በየዓመቱም ወድቆ እንደገና ይበቅላል። አዳኞች የአደኑ ወራት ከመግባቱ አስቀድመው በጫካው ውስጥ ገላጣ ቦታ ይመርጣሉ። መሬቱን ያርሳሉ። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኖራ ይነሰንሱበታል። ከዚያም ማገጥ፣ አጃና የጎመን ዘር ይዘሩበታል። አውሬው ቡቃያውን ለምዶ ይመላለሳል፤ ሥጋም ያወጣል፤ የአደኑ ቀን ሲደርስ ከዚያ አካባቢ አይርቅም። ለማደን ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ነው፤ አንድ ሰው ስንት መግደል እንደሚችልም በሕግ የተወሰነ ነው።

ይህን ነገር በሐምሌ ወር አንድ ማታ ቢቸና አጠገብ በምናስተምርበት ጣቢያ አነሣነው። የሚሰሙን ፊደል ቆጥረው ጨርሰው ማንበብ የጀመሩ ጎልማሶች ነበሩ። ከወደ ኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ቀበል አድርገው፣

“ለሚዳቋማ እኛም እንዘራለን! ሽምብራችንን ማን የሚበላው መሰላችሁ?” አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

አንድ ሰው ብቻ አልሳቁም። ፋኖሱ አጠገብ የሚቀመጡ፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው የሚመጡ አባወራ ናቸው። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና፣

“ለሚገድሉት አውሬ ይህን ያህል ካሰቡ፣ እኛ ለሚያበላን በሬ ምን አስበን እናውቃለን?” አሉ።

ሁሉም ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ እኛም እናውቅ ነበር። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው ከዚያች ጥያቄ ተነሥተን ነው።

ስለ አደኑ አንድ ነገር ብለን እንለፍ። በአገራችን የዱር እንስሳት በሕግ የተጠበቁ ናቸው፤ ስለዚሁ በ1999 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ያለ ፈቃድ ማደን ያስቀጣል። ስለዚህ ሚዳቋና ድኩላ ሽምብራ ቢቀምሱብን በአጥርና በጥበቃ እንከላከል እንጂ ወጥመድ አንዘርጋ። አሁን ወደ በሬው እንመለስ።

እኒያ አባወራ ባለ አንድ በሬ ናቸው። ባለ አንድ በሬ መሆን ምን እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም። ለእኛ ለከተማ ልጆች ግን ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በሬያቸውን ከጎረቤታቸው በሬ ጋር አቀናጅተው በተራ ያርሳሉ። አንድ ቀን ለአንዱ፣ አንድ ቀን ለሌላው፤ መቀናጆ ማለት ይኸው ነው። ውል አይጻፍበትም፤ ዳኛም የለውም። የሚጸናው ሁለቱ በሬዎች እኩል ሲጎትቱ ብቻ ነው።

እኛ በመጣን በሰኔ ወር የጤፍ መሬት እየታረሰ ነበር። ከቀኑ አራት ሰዓት ገደማ የሳቸው በሬ ትልም መሀል ተንበረከከ። አነሡት። ሁለት ዙር ሄደና እንደገና ተኛ። ጅራፍ ቢጮህ፣ ጅራቱ ቢጠመዘዝ አልነሣ አለ። የጎን አጥንቱ ከሩቅ ይቆጠር ነበር። ጎረቤትየው ክፉ ሰው አይደለም። ቀንበሩን ፈታና፣

“አያ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? የኔ በሬ የሁለቱን እየጎተተ ነው። እሱም ከወደቀ ሁለታችንም አለቅን” አለ። ሞፈሩን ተሸክሞ ሄደ።

ጤፍ ደግሞ ቀን አይሰጥም። አባወራው አንድ ሳምንት በሬያቸውን ሲያስታምሙ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከመሬታቸው ገሚሱን ጥማድ በሬ ላለው ሰው ለእኩል ሰጡ። ስለዚህ ከዚያ መሬት የተገኘው ጤፍ እኩሌታው ወደ ሌላ ጎተራ ገባ። የቤቱ ሰው ቁጥር ያው ነው፤ የሚበላው እህል ግን ቀነሰ። ይህ ሁሉ የመጣው በበሬው ሆድ ምክንያት ነው።

በሬው በሽታ አልነበረበትም። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አይቶታል። ረኃብ ነው ያስተኛው።

ቀለቡ በዓመቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ አብረን ቆጠርን። ከኅዳር እስከ ጥር አዝመራው ሲሰበሰብ ከብቱ ማሳው ላይ ይለቀቃል፤ ቃርሚያም ጭድም ሞልቷል። በየካቲትና በመጋቢት ማሳው ባዶ ይሆናል፤ የቀረው ክምር ጭድ ነው። በሚያዝያ ክምሩ ይጎድላል። በግንቦት መጀመሪያው ዝናብ ሣሩን ብቅ ያደርገዋል፤ በሬው ለምለሙን ያይና ጭዱን ይንቃል፤ ለምለሙ ግን ለዓይን እንጂ ለሆድ አይበቃም። ቀኑን ሙሉ ሲንከራተት ይውላል። እንግዲህ የእርሻው ከባዱ ሥራ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በሚያዝያ፣ በግንቦትና በሰኔ። ቀለብ ባለቀበት ሰዓት ጉልበት እንጠይቀዋለን።

ጭድ ሁሉ አንድ አይደለም። የጤፍ ጭድ ከስንዴ ገለባ ይሻላል። የባቄላ፣ የሽምብራና የጓያ ገለባ ደግሞ ከሁለቱም በላይ ገንቢ ነው። ይሁን እንጂ ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሠራም። ሰው እንጀራ ብቻ ያለ ወጥ ቢበላ እንዴት ይሆናል? በሬም ወጥ ያስፈልገዋል። የከተማ ሰው ፋጉሎና ፉርሽካ ይገዛለታል። ገበሬ አተላ ይሰጣል፤ አተላ ግን ጠላ በተጠመቀ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኘው። ስለዚህ የበሬው ወጥ ከማሳ መምጣት አለበት።

ሽማግሌዎች ክፉ ቀን የሚሉትን ዘመን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የደስታ በሽታ ገብቶ ከብቱን ፈጀው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ድርቅና ተምች ተጨመረበት፤ ሰውም እንደ ቅጠል ረገፈ። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሰው አርአያ ለመሆን እንደሞከሩ በታሪክ ተጽፏል። ያ በሽታ በክትባት ኃይል በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተነግሯል። የከብት ረኃብ ግን በክትባት አይጠፋም።

አሁን እርሳስ አንሡ። ይህን ስሌት ሰሌዳው ላይ ሠርተነዋል፤ እናንተም ደብተራችሁ ላይ ሥሩት።

የአገራችን የእርሻ በሬ ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። እንዲህ ያለ በሬ በቀን 7 ኪሎ ያህል ደረቅ ቀለብ ይበላል። ሁለት በሬ 14 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። ከሚያዝያ 10 ጀምሮ ለ60 ቀን ብንቀልባቸው 60 ጊዜ 14፣ ይህም 840 ኪሎ ነው። ግማሹ ጭድ ይሁን። የቀረው 420 ኪሎ ጥሩ ድርቆሽ መሆን አለበት። በደንብ የተያዘ ሩብ ሄክታር 15 ኩንታል ያህል ደረቅ ድርቆሽ ቢሰጥ፣ ለ420 ኪሎ የሚያስፈልገው 700 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ወርዱ 20 ሜትር፣ ርዝመቱ 35 ሜትር።

“ባይሰጥስ?” አሉ አባወራው። “በረዶ ቢመታውስ? የእናንተ ጠመኔ በረዶ አያውቅም።”

ልክ ነበሩ። እንግዲያው ወደ 1000 ካሬ ሜትር አሳደግነው፤ 25 በ40 ማለት ነው። በዚህ ስፋት ሩብ ሄክታሩ 10 ኩንታል ተኩል ብቻ በሚሰጥበት መጠን ቢያፈራ እንኳ 420 ኪሎው ይገኛል። ባለ አንድ በሬ የዚህ እኩሌታ ይበቃዋል፤ 20 በ25 ሜትር። ከሩብ ሄክታር አምስተኛው እጅ ነው። ሜትር የሌለው ሰው ገመድ በየሜትሩ ቋጥሮ ይለካል።

ምን ይዘራ? እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ አትፈልጉ። በጮቄ ዙሪያ ያሉ ደገኞች እንግዶ የሚሉትን አጃ ታውቁታላችሁ። ድኻ መሬት ላይ፣ ቅዝቃዜ ባለበት ይበቅላል። ሣሩ ለከብት የተወደደ ነው። ከእሱ ጋር ቬች የሚባለውን ዘር ቀላቅሎ መዝራት መልካም ነው። ቬች ጓያን የሚመስል ተሳቢ ተክል ነው፤ እንግዶው ላይ ተጠምጥሞ ይወጣል። እንግዶው ኃይል ይሰጣል፤ ቬቹ እንደ ባቄላ ገንቢ ነው፤ ሥሩም ለመሬቱ ይጠቅማል። ለሩብ ሄክታር 20 ኪሎ ያህል እንግዶና 6 ኪሎ ያህል ቬች ይበቃል። ለባለ አንድ በሬው መደብ 4 ኪሎ እንግዶና 1 ኪሎ ከሩብ ገደማ ቬች ማለት ነው።

ቬች የከብት ቀለብ ነው። ፍሬው ጓያ ወይም ምስር መስሎ ከሰው ምግብ እንዳይቀላቀል ለብቻው ይቀመጥ። የጓያ ፍሬ ራሱ አዘውትረው ሲበሉት እግር ሽባ እንደሚያደርግ የምታውቁት ነው። በሌላ ነገር የተቸገረ ሰው ያገኘውን ፍሬ ሁሉ ወደ ድስት ይከትታልና ይህን ለልጆችም ንገሩ።

ያ አሜሪካ ያለው አዳኝ የሚዘራው ማገጥም ከኛ የራቀ አይደለም። ደጋችን ከሃያ የሚበልጡ የማገጥ ዓይነቶች አሉት፤ ጨፌ ዳር፣ ውሃ በሚተኛበት ጥቁር መሬት ላይ ራሱ ይበቅላል። ከብት ሲያገኘው እንዴት እንደሚሻማበት ለእረኛ መንገር አያስፈልግም። ዘሩን ከጨፌው ለቅሞ የጓሮ ዳር ላይ መበተን ማንም ሊሞክረው ይችላል።

አሁን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። ከዘማቾቹ መካከል እርሻ በመጽሐፍ የተማሩ ነበሩ፤ እርፍ የጨበጠ ግን አንድም አልነበረም። በሐምሌ መጀመሪያ በትምህርት ጣቢያው ግቢ እንግዶና ቬች ዘራን። የቢቸና አካባቢ መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል። ውሃ መውጫ አላበጀንም። በሦስተኛው ሳምንት ቡቃያው ቢጫ ሆነ፤ ቬቹ ሙሉ በሙሉ በሰበሰ። ስለ ሚዳቋ የቀለዱት እናት በአጥሩ በኩል አየት አድርገው፣ “ልጆቼ፣ ምነው ዓሣ አትጨምሩበት?” አሉን። ምን እንላለን! ዘሩንም ድካሙንም ከሰርን።

ጓደኞቻችን ደግሞ በሞጣ በኩል ነበሩ። እነሱ ያገኙት መሬት ተዳፋት ያለው ቀይ አፈር ነው። ውሃ አልተኛበትም፤ እንግዶው እስከ ወገብ ደረሰ። በነሐሴ ልንጎበኛቸው ሄድንና ቀናን። ቅናታችን ግን አልቆየም። አንድ ማታ ከመካከላቸው ሁለቱ የአጥሩን በር ሳይዘጉ ማስተማር ሄዱ። ላሞች ገብተው እኩሌታውን ግጠው፣ የቀረውን ረግጠው አደሩ። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የዘማቾቹ ነው። ከብት ያየውን ይበላል።

በሞጣ ያየነውን ሌላ ነገር በአጭሩ እናንሣ። አንዳንድ ገበሬዎች በእርከኑ ጫፍ ላይ ደሾ ሣር ተክለዋል። ደሾ የአገራችን ሣር ነው፤ በልማት ሥራ የታወቀው ከጨንቻ ነው። ሥሩን ከፋፍሎ በመስመር መትከል ነው፤ እርከኑንም ይይዛል፤ በማጭድም ይታጨዳል። ጥቂቶች አጥራቸው ላይ ትሪ ሉሰርን ተክለዋል። ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ዛፍ ነው፤ ብርድ ይችላል፤ ቅጠሉ በበጋም አይጠፋም። ፍሬው ድንጋይ ስለሆነ ከመዝራት በፊት የፈላ ውሃ አፍስሶበት ማሳደር ያስፈልጋል። ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ላይ ግን አይሆንም። ዝሆኔ ሣርም እንደዚሁ፤ ውሃ የተኛበትን መሬትና ውርጭ አይወድም። የአንዱን ቀበሌ ዘር ለሌላው ቀበሌ ከማዘዝ በፊት አፈሩን መጠየቅ ነው።

ወደ አባወራው እንመለስ። የኛ መደብ ሲሰጥም በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ቃል አልተናገሩንም። ሐምሌ 18 ቀን ከቤታቸው ጀርባ፣ ትንሽ ዘቅ ያለች መሬት ላይ 20 በ25 ለክተው ጠብቀውን አገኘናቸው። በሬ ሳያጠምዱ በዶማ ነበር የቆፈሯት፤ ሚስታቸውና ልጆቻቸው አግዘዋል። ከላይ ወደ ታች በአምስት ቦታ ፈሰስ አውጥተውላታል። በፈሰሶቹ መካከል ያለውን አፈር ከፍ አድርገው መደብ አበጅተዋል። የበረት ፍግ ቀድመው በትነውበት ነበር። “ጤፍ ላይ የምናደርገውን ለምን ለእናንተ ዘር አታደርጉም?” አሉን። መጽሐፉ ላይ ያለው ሰፊ መደብና ቦይ የሚባለው ዘዴ እሳቸው ከሠሩት የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

በእርግጥ ዋልካ ለሆነበት ሰው ሌላም መንገድ አለው። ቬችን ብቻውን እንደ ሽምብራና እንደ ጓያ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም መጀመሪያ ቢዘራው አፈሩ በያዘው እርጥበት ይበቅላል። ምርቱ ያንሳል፤ ይሁንና ከብስባሽ ይሻላል።

ዘሩን በትነው በቅርንጫፍ እየጎተቱ አለበሱት። መደቧን በእሾህ አጠሩ። የቤታቸው ጀርባ መሆኗ ለዚህ ጠቀመ፤ ዓይን አይለያትም። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት አገር ራቅ ያለ መሬት ላይ ለብቻ ቀለብ እዘራለሁ ማለት ለመንደሩ ከብት መዝራት ነው። መንደሩ ተስማምቶ ልቅ ግጦሽን ካላቆመ በስተቀር።

አንድ ነገር አስገረመን። በትምህርት ጣቢያ የጻፉትን ደብተር ከኋላ ገልብጠው ሌላ ነገር ጀምረውበታል። “ሐምሌ 18 ዘራሁ” ይላል። ከሥሩ “ነሐሴ 9 አረም”፤ ደግሞ “መስከረም 4 ሚዳቋ ገባች”። ፊደሉ ተንጋዷል፤ ሚዳቋ የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰርዘው ጽፈውታል። በዚያች ሌሊት የበላችው ጥቂት ነው፤ ኮቴዋን አሳዩን። አጥሩን አጠበቁት፤ በቃ።

ጥቅምት 22 ቀን ታጨደ። ከተዘራ መቶ ቀን ሊሞላው አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። መቼ እንደሚታጨድ ማወቅ ትልቁ ነገር ነው። እህል አጫጅ ፍሬው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ድርቆሽ አጫጅ ግን ከጠበቀ ተሸነፈ። እንግዶው ፍሬውን በጥፍር ሲጫኑት ወተት የሚያወጣበት፣ ቬቹም አበባ የያዘበት ጊዜ ነው ትክክለኛው። ከዚያ ካለፈ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ፍሬው ይሄዳል፤ አገዳው እንጨት ይሆናል፤ ያኔ ያተረፋችሁት ተራ ገለባ ነው። ከሩብ ሄክታር ላይ ዘር ማስቀረት የሚፈልግ ሰው አንድ ጥግ ሳያጭድ ይተው።

እሳቸው ይህን ለመቀበል ተቸግረው ነበር። ፍሬ የያዘ ነገር ሳይደርስ ማጨድ ለገበሬ ኃጢአት ይመስላል። “ልጅ ሳያድግ እንደ መቅበር ነው” አሉ ሚስታቸው። ያም ሆኖ ማጭዱን አነሡ።

ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ተሰጣ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ጤዛው ሳይለቅ ይገለበጥ ነበር፤ በቀትር ቢነካ የቬቹ ቅጠል ይረግፋል፤ የሚፈለገው ደግሞ ቅጠሉ ነው። ደርቆ እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት አገዳ ይዞ መጠምዘዝ ነው። እርጥበት ካልወጣውና መሰበር ከጀመረ ደርቋል። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ ይግላል፤ ይሻግታል፤ የሻገተ ደግሞ ለበሬ በሽታ ነው።

በነዶ አሰርነውና ቆጠርነው። 61 ነዶ ሆነ። አንዱን ነዶ ወፍጮ ቤት ሄደን በሚዛን አስመዘንነው፤ 4 ኪሎ። ስንት ይመጣል? 61 ጊዜ 4፣ 244 ኪሎ። ያሰብነው 210 ኪሎ ነበር። ቆጥ ሠርተው ከመሬት ከፍ አድርገው ከመሩት፤ ላዩን በሰምበሌጥ ከደኑት። በኅዳርና በታኅሣሥ ልጆቹ እየሾለኩ ለጥጃ ይወስዱ ነበር። ሚስትየው እስከ ሚያዝያ ማንም እንዳይነካው ብለው ከለከሉ። ይህ ቀላል ክልከላ አይደለም፤ በመጋቢት ላሟም ስታጉረመርም ትሰማለች።

ሌላ ማስጠንቀቂያ አለ። ለምለም ቬችን ወይም ማገጥን ጤዛ እንዳለበት ለተራበ በሬ አትስጡ። ሆዱ ይነፋል፤ በጥቂት ሰዓትም ሊገድለው ይችላል። አጠውልጋችሁ፣ ከጭድ ጋር ቀላቅላችሁ፣ በጥቂት በጥቂቱ አስለምዱት። በደረቀው ድርቆሽ ይህ ሥጋት እጅግ ያነሰ ነው።

ሚያዝያ 10 ቀን ክምሩ ተከፈተ። በየቀኑ ጠዋት ወደ እርሻ ከመሄዱ በፊት ግማሽ ነዶ፣ ማታ ሲመለስ ግማሽ ነዶ፣ የቀረው ጭድ ነው። ጭዱ ላይ ጥቂት ጨው የተበጠበጠበት ውሃ ይረጩበታል፤ ያኔ በሬው አይንቀውም። ደብተሩ ላይ በየቀኑ አንዳንድ ሰረዝ ይሰረዛል። አምስት ሲሞላ በአግድም ያሥሩታል።

በመጀመሪያው ቀን ማታ ጎረቤትየው ሳይጠራ መጣ። ሰላምታ ሰጥቶ ወደ በረት ገባ። የበሬውን ጀርባ በእጁ ዳሰሰ፤ የጎኑን አጥንት ነካ፤ ክምሩን ዞሮ አየ። ብዙ አልተናገረም። “ከሚካኤል ማግስት እንጀምር እንዴ፣ አያ?” አለ። አባወራውም “የመጀመሪያው ቀን ላንተ ይሁን” አሉት።

በሬው ሰባ አንላችሁም። የእርሻ በሬ በሰኔ አይሰባም። ግን ቆሞ አረሰ። የጤፉ መሬት አምስት ጊዜ ታረሰ፤ ገሚሱን ለእኩል መስጠት አላስፈለገም። ሰኔ 10 ቀን የመጨረሻው ነዶ ተፈታ፤ ሰረዙ 61 ደረሰ። ያኔ ሣሩ በቅሎ ነበር።

እኛ ልንሄድ በተዘጋጀንበት ሳምንት ባልና ሚስት ሲከራከሩ ደረስን። እሳቸው መደቧን በአሥር ሜትር ማስረዘም ይፈልጋሉ፤ ለላሚቱም ጭምር። እሳቸውም፣ ማለታችን ሚስትየው፣ ያቺ የቤት ጀርባ ፍግ የጠገበች ናት፣ ድንች ብተክልባት ልጆቼ በነሐሴ ምን ይበሉ አልልም ነበር ባይ ናቸው። የሁለቱም ነገር ትክክል ነው። ሰሌዳ አምጥተን በአንድ ረድፍ ድርቆሹን፣ በሌላው ረድፍ ድንቹን ጽፈን መደመር ጀመርን። ሚስትየው ጠመኔውን ከእጃችን ወሰዱና “ቆይ፣ እኔ ልጻፈው” አሉ። ሲመሽ ገና እየደመሩ ነበር።